ይህን ቁጥር ማን ነው የሚቀይረው? ስለ ዌብ አፕሊኬሽን ሴቲንጎች

ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ሰኞ ነበር። ብሔራዊ ባንክ አዲሱን የውጭ ምንዛሪ አሠራር ይፋ ያደረገበት ቀን። ከ57 ብር ተኩል ገደማ የነበረው የዶላር መግዣ በንግድ ባንክ በአንድ ቀን 75 ብር ገደማ ደረሰ። ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ድረ ገጽ የሠራሁላቸው የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ባለቤት ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ ዶላሩ እንዲህ ሆኖ ዌብሳይቱ ገና በድሮው ዋጋ እየሸጠ ነው! ቶሎ በልልኝ እንጂ!»

የዕቃዎቹ ዋጋ ዳታቤዝ ውስጥ የተመዘገበው በዶላር ነው። ድረ ገጹ በምንዛሪው ያባዛና በብር ያሳያል። ምንዛሪውን ግን ኮዱ ውስጥ «57.5» ብዬ በእጄ ጽፌው ነበር። ፈልጌ ሦስት ቦታ አገኘሁት። ሦስቱንም ቀየርኩና ሰርቨሩ ላይ ጫንኩ፤ እፎይ አልኩ። በማግስቱ አንድ ደንበኛ የማድረሻ ሂሳቡ ከሌላው ጋር አልገጥም አለው። ለካ አራተኛ ቦታም ነበረ። እዚያ ለማጠጋጋት «58» ብዬ ስለጻፍኩት፣ 57.5ን ስፈልግ አልመጣልኝም።

የሱቁ ባለቤት በየቀኑ መቀየር ያለባቸውን ቁጥር፣ እኔ ብቻ የምገባበት ክፍል ውስጥ ቆልፌበት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሴቲንግ ሲገጥመኝ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ይህን ማን ነው የሚቀይረው? መልሱ ሲታወቅ የት መቀመጥ እንዳለበት ያኔውኑ ግልጽ ይሆናል።

ቃሉን እናጥራው። ሴቲንግ፣ ወይም ብዙዎቻችን እንደምንለው ኮንፊግ፣ የፕሮግራሙ ሐሳብ ሳይነካ ሊቀየር የሚችል ቁጥር ወይም ቃል ነው። «የዶላሩን ዋጋ በምንዛሪው አባዛ» የሚለው ሐሳብ ነው፤ ኮድ ነው። ምንዛሪው ዛሬ ስንት ነው የሚለው ሴቲንግ ነው። የዳታቤዙ ፓስወርድ፣ ኢሜይል የሚላክበት አድራሻ፣ የክፍያ ድርጅቱ የሰጣችሁ ቁልፍ፣ በአንድ ገጽ ስንት ዕቃ ይታይ የሚለው፣ ሁሉም ሴቲንጎች ናቸው። ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ችግሩ የሚጀምረው ሁሉንም አንድ ፋይል ውስጥ ስናጉራቸው ነው።

ዴቨሎፐሩ ብቻ የሚቀይረው

አንዳንድ ነገር ኮዱ ውስጥ መኖሩ ትክክል ነው። የሰዓት ክልልን እንውሰድ። አዲስ አበባ ላለ ሱቅ የሰዓት ክልሉ የአዲስ አበባ ነው። በእኔ ላፕቶፕም፣ በሙከራ ሰርቨሩም፣ በዋናው ሰርቨርም ያው ነው። አገራችን ሰዓቷን በክረምትና በበጋ ወደፊትና ወደኋላ አትገፋም። ስለዚህ ኮዱ ውስጥ አንዴ ይጻፍና ይቅር።

መጻፉን መርሳት ግን ዋጋ ያስከፍላል። በፓይተን ቋንቋ ዌብ አፕሊኬሽን የሚሠራበት ጃንጎ ምንም ካልተነገረው የሰዓት ክልሉን የቺካጎ አድርጎ ይወስዳል። ጃንጎ የተወለደው ካንሳስ ውስጥ ባለ የጋዜጣ ቤት ነውና የዚያ አሻራ ነው። አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ የሚሰጣችሁ ፋይል ደግሞ ዩቲሲ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ይላል። ዩቲሲ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ነው። እንዲሁ ከተተወ የሱቁ ቀን የሚቀየረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይሆናል። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 የተሸጠው ሁሉ ሪፖርቱ ላይ የትናንት ሽያጭ ሆኖ ይገባል። ሂሳብ ሠራተኛዋ በየወሩ መጨረሻ ለምን ጥቂት መቶ ብር እንደማይገጥምላት ስትጨነቅ ትኖራለች።

ሁሉን ነገር ተቀያያሪ ማድረግ ጥሩ የሚመስላቸው ዴቨሎፐሮች አሉ። እኔ አልስማማም። እያንዳንዱ ሴቲንግ ፕሮግራሙ ሊሆን የሚችለውን መልክ ያበዛል። አዎ ወይም አይ የሚባሉ 10 ሴቲንጎች ካሉ ፕሮግራሙ 1024 መልክ አለው። ሁሉንም የሚሞክር ሰው የለም።

ሰርቨሩ የሚወስነው

ሁለተኛው ዓይነት ከቦታ ቦታ የሚለያይ ነው። ላፕቶፔ ላይ ያለው ዳታቤዝ ሌላ፣ ዋናው ሰርቨር ላይ ያለው ሌላ። ኮዱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ይህ መረጃ ኮዱ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ ከውጭ ሊሰጠው ይገባል። የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ በኤንቫይሮመንት ቫሪያብል ነው።

ይህ ስም ብዙ ጀማሪዎችን ያስደነግጣል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ልጅ ወደ ሱቅ ስትልኩ በወረቀት ጽፋችሁ ታስይዙታላችሁ አይደል? «ዘይት 1 ሊትር፣ ስኳር 2 ኪሎ፣ ከነጋሽ ሱቅ» ብላችሁ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ፕሮግራሙን ሲያስነሳው እንዲህ ያለ ወረቀት ያስይዘዋል። ስምና ከስሙ ጎን የተጻፈ ነገር፤ ሌላ ምንም የለውም። ዩኒክስ ላይ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ አለ።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገር ይወጣል፤ ሁለቱም ሰው ሲያጠምዱ አይቻለሁ።

አንደኛው፣ ወረቀቱ የሚሰጠው ልጁ ሲወጣ ነው። ከሄደ በኋላ ቤት ባለው ቅጂ ላይ «ስኳር 3 ኪሎ» ብላችሁ ብታስተካክሉ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። እንደዚሁ ኤንቫይሮመንት ቫሪያብል ስትቀይሩ ፕሮግራሙን ሪስታርት ካላደረጋችሁት አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። «ቀየርኩት እኮ፣ አልሠራም አለ» የሚል መልእክት ሲመጣልኝ በመጀመሪያ የምጠይቀው «ሪስታርት አድርገሃል?» ነው።

ሁለተኛው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ጽሑፍ ነው። ቁጥር የለም፤ እውነትና ሐሰት የለም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ዲባግ የሚለውን ሴቲንግ ተመልከቱ። ጃንጎ ላይ ዲባግ ሲበራ፣ ስህተት በተፈጠረ ቁጥር የኮዱን መስመሮችና በዚያች ቅጽበት የነበሩትን ዳታዎች ጭምር የሚያሳይ ገጽ ይወጣል። ለዴቨሎፐር ወርቅ ነው፤ ለሌባም እንደዚያው። አንድ ሰው በጥንቃቄ ወረቀቱ ላይ «ዲባግ፦ ፎልስ» ብሎ ይጽፋል። ኮዱ ያንን ጽሑፍ ሳይተረጉም እንዳለ ወሰደው እንበል። ፓይተን ደግሞ ባዶ ያልሆነን ጽሑፍ ሁሉ እንደ እውነት ይቆጥራል። «ፎልስ» የሚለው ቃል ባዶ አይደለም። ስለዚህ እንዲጠፋ የታዘዘው ዲባግ በርቶ ያድራል።

ጃንጎ እዚያ ገጽ ላይ ሚስጥር እንዳይወጣ የሚያደርገው ጥረት አለ። ሴቲንጉ ስም ውስጥ ኪይ፣ ቶክን፣ ሲክሬት ወይም ፓስ የሚል ካለ በኮከብ ይሸፍነዋል። የሚያየው ግን ስሙን ነው። ፓስወርዳችሁን «የባንክ ኮድ» ብላችሁ በሌላ ስም ከሰየማችሁት በግልጽ ይታያል። ስም አወጣጥ የውበት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የተማርኩት እዚህ ነው።

መፍትሔው አንድ ፋይል ነው። ኤንቫይሮመንቱን የሚያነበው እሱ ብቻ ይሁን። እዚያው ጽሑፉን ወደ ቁጥር፣ ወደ አዎና አይ ይቀይር፤ ልክ መሆኑን ያረጋግጥ። የቀረው ኮድ ሁሉ ከእሱ ይጠይቅ። ላራቬል የተባለውን የዌብ አፕሊኬሽን መሥሪያ የምትጠቀሙ ይህን በግድ ትማሩታላችሁ። ሴቲንጎቹን ካሽ የሚያደርገውን፣ ማለትም አንዴ አንብቦ የሚያስቀምጠውን፣ ትዕዛዝ ካዘዛችሁ በኋላ ሴቲንጎቹ የተጻፉበት ዶት ኢኤንቪ ፋይል አይነበብም። ከኮንፊግ ፋይሎቹ ውጭ በቀጥታ ከኤንቫይሮመንት የሚጠይቅ ኮድ ካላችሁ ባዶ ይመለስለታል። ላፕቶፕ ላይ ሲሠራ የነበረው ዋናው ሰርቨር ላይ ድንገት ዝም ይላል።

ወረቀቱ ላይ የጎደለ ነገር ካለስ? እዚህ ላይ ሁለት መልስ አለ፤ መደባለቅ የለባቸውም። የዳታቤዙ ፓስወርድ ከጠፋ ፕሮግራሙ አልነሳም ይበል። የጎደለውን በስም ጠርቶ ይቁም። ተነስቶ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደንበኛ ሊከፍል ሲል ከሚወድቅ፣ እናንተ ቁጭ ብላችሁ እያያችሁት ቢወድቅ በብዙ ይሻላል። ዲባግ የሚለው ከጎደለ ግን መቆም አያስፈልግም፤ ዲባግ አልበራም ብሎ ይውሰደው። ምንም ሳይነገረው ሲቀር የሚይዘው ሁልጊዜ ደህናው ወገን ይሁን።

ማንም ማየት የሌለበት

ሚስጥሮችም ከውጭ ይሰጣሉ፤ የሚፈልጉት ጥንቃቄ ግን ይለያል። ዌብ አፕሊኬሽኖችን የሚያስተናግደው የሄሮኩ ኩባንያ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ በጻፉት የአሠራር መመሪያ ላይ አንድ ጥሩ መፈተኛ አለ፦ ኮዳችሁን አሁን፣ በዚህች ደቂቃ ለዓለም ሁሉ ብትከፍቱት ሚስጥር ይወጣል ወይ? ይወጣል ካላችሁ ሴቲንጉና ኮዱ ገና አልተለያዩም።

የተለመደው አሠራር ዶት ኢኤንቪ የሚባል ፋይል ነው። ሚስጥሩ እሱ ውስጥ ይቀመጣል፤ የኮዱን ለውጦች የሚመዘግበው ጊት እንዳይወስደው ጊትኢግኖር በሚባል የክልከላ ዝርዝር ይታገዳል። ጎን ለጎን የናሙና ፋይል ይኖራል፤ ስሞቹ አሉ፣ ከጎናቸው ግን ባዶ ነው። አዲስ የመጣ ባልደረባ ናሙናውን አይቶ ምን ምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል። ናሙናውን ማደስ ሰው ይረሳል። እባካችሁ አትርሱት። አዲስ ሴቲንግ ጨምሮ ናሙናው ላይ ያላስቀመጠ ሰው ለባልደረባው የአንድ ሙሉ ቀን ድካም ትቶለት ነው የሚሄደው።

ፋይሉ በስህተት አንዴ ጊት ውስጥ ከገባ ማጥፋት አይበቃም። ጊት ታሪክ ያስቀምጣል። ዛሬ ብታጠፉት የትናንቱ ቅጂ ውስጥ አለ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቁልፉ ይሻር፣ አዲስ ይውጣ፣ ከዚያ ታሪኩ ይጽዳ። ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ታሪኩን ሲያጸዳ ይውልና ቁልፉን ይረሳል። የቴሌግራም ቦት ቶክን ከወጣባችሁ የቴሌግራም ቦቶችን የሚያስተዳድረው ቦትፋዘር ጋ ሄዳችሁ መሻር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የክፍያ ቁልፍም እንዲሁ ከድርጅቱ ገጽ ይቀየራል።

«የእኛ ኮድ የግል ነው፣ ማንም አያየውም» የሚል መልስ እሰማለሁ። የታክሲ ጥሪ ኩባንያው ኡበር ላይ የደረሰው ይህንን ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሰርጎ ገቦች የኩባንያው መሐንዲሶች ጊትሃብ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ወደሚጠቀሙበት የግል የኮድ ማስቀመጫ ገቡ። እዚያ ውስጥ የአማዞን ክላውድ መግቢያ አገኙ። በእሱም የ57 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ወሰዱ። ኩባንያው ይህን ለሕዝብ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2017 ኅዳር አካባቢ ነው። ማስቀመጫው የግል ነበር፤ የገቡት በር ግን ተከፍቶ ነበር።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። ፓስወርድ በቴሌግራም ግሩፕ ይላካል። ከዓመት በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ የለቀቀው ልጅ አሁንም ግሩፑ ውስጥ አለ። ቢወጣም መልእክቱ ስልኩ ላይ ሊኖር ይችላል። ቡድናችሁ ትንሽ ከሆነ የፓስወርድ ማኔጀር በጋራ ተጠቀሙ፤ ሰው ሲለቅ ቁልፎቹን ቀይሩ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ብሮውዘር ውስጥ የሚሠራ ኮድ ሚስጥር መያዝ አይችልም። ቪት ወይም ኔክስት የተባሉትን የድረ ገጽ መሥሪያዎች የምትጠቀሙ፣ «ቪት» ወይም «ኔክስት ፐብሊክ» በሚል የሚጀምር ቫሪያብል ውስጥ የምታስቀምጡት ሁሉ ድረ ገጹን ለከፈተ ሰው ሁሉ ይላካል። ዶት ኢኤንቪ ፋይል ውስጥ መቀመጡ ሚስጥር አያደርገውም። የክፍያ ድርጅቱን ሚስጥራዊ ቁልፍ እዚያ ያስቀመጠ ሰው ቁልፉን ከበሩ ውጭ አንጠልጥሎታል።

የሥራው ባለቤት የሚቀይረው

አሁን ወደ ዶላሩ ልመለስ። ምንዛሪን ማን ይቀይራል? የሱቁ ባለቤት። መቼ? ሲፈልጉ፣ ምናልባት በቀን ሁለቴ። ይህ ኮድ ውስጥም፣ ኤንቫይሮመንት ውስጥም ቦታ የለውም። ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ፣ እሳቸው ሊከፍቱት የሚችሉት ገጽ ያስፈልገዋል።

ገጹን በአንድ ከሰዓት ሠራሁት። ነገሩ ግን ከገጹ በኋላ ነው የሚጀምረው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የድሮ ደረሰኞች ነው። ደረሰኙ ሲከፈት ዋጋውን በዛሬው ምንዛሪ እንደገና የሚያሰላ ከሆነ፣ ምንዛሪ በተቀየረ ቁጥር ያለፈው ሽያጭ ሁሉ አብሮ ይቀየራል። ሰኔ ላይ የተሸጠ ሀርድ ዲስክ ነሐሴ ላይ ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ትዕዛዝ በዚያች ደቂቃ የነበረውን ምንዛሪ ከራሱ ጋር ይዞ መቅረት አለበት። ሴቲንጉ የሚናገረው ስለ አሁን ብቻ ነው፤ ያለፈውን የሚያውቀው ትዕዛዙ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስም እንዲሁ ነው። ዛሬ 15 በመቶ ነው፤ አንድ ቀን ሕግ ቢቀይረው የቀድሞዎቹ ደረሰኞች 15 ላይ መቆየት አለባቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፤ ኮድም አይፈታውም። ደንበኛው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ዋጋውን አይቶ ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ አስገባ። 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ምንዛሪው ተቀየረ። 4 ተኩል ላይ ሊከፍል መጣ። የትኛውን ይክፈል? ይህን እኔ ልወስን አልችልም። ደወልኩላቸው። ትንሽ አሰቡና «ያየውን ዋጋ ይክፈል፤ ግን ሙሉ ቀን አይቀመጥብኝ» አሉ። እኔም ቅርጫት ውስጥ የገባ ዋጋ ለ30 ደቂቃ እንዲጸና አደረግኩ። ሴቲንግ እያስተካከልኩ መስሎኝ የንግድ ውሳኔ ውስጥ ገብቼ ነበር። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሳይጠይቁ ከመገመት መደወል ይሻላል።

ሦስተኛው ካሽ ነው። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ምንዛሪውን ከዳታቤዝ መጠየቅ ይከብዳል ብዬ እያንዳንዱ የሰርቨሩ ሂደት፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚሠራ የፕሮግራሙ ቅጂ፣ አንዴ አንብቦ እንዲያስታውሰው አደረግኩ። ሂደቶቹ 4 ነበሩ። እሳቸው ምንዛሪውን ቀይረው ገጹን ሲያድሱ አዲሱ ይመጣል፤ ደግመው ሲያድሱ አሮጌው ይመለሳል። የሚያዩት እንደደረሳቸው ሂደት ይለያይ ነበር። ሦስቱ ያስታውሱት የነበረው የቀድሞውን ነው። ሬዲስ በተባለ ፈጣን ማስቀመጫ ላይ የጋራ ቅጂ ማስቀመጥ አንዱ መፍትሔ ነው። ሁሉም በየ60 ሰከንዱ እንደገና እንዲያነቡ ማድረግ ሌላው ነው። ለአነስተኛ ሱቅ ሁለተኛው ይበቃል፤ የመረጥኩትም እሱን ነው። ግን ለሱቁ ባለቤት «ከቀየሩ በኋላ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ» ብዬ ገጹ ላይ ጻፍኩላቸው። ያንን ካልነገርኳቸው አልሠራም ብለው አምስት ጊዜ ይጫኑታል።

የተረሳው ማብሪያ

ሌላ ዓይነት ሴቲንግም አለ፤ አዲስ ሥራን ማብሪያና ማጥፊያ። ፊቸር ፍላግ ይባላል። አዲሱ የክፍያ ገጽ ተሠርቶ ይጫናል፤ ግን ጠፍቶ ይቆያል። ሲፈተሽ ቆይቶ ይበራል። ጥሩ ዘዴ ነው። አደጋው ከበራ በኋላ ማንም ማንሳቱን አያስታውስም።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል በተባለ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ድርጅት የሆነውን ስሙ። ድርጅቱ አዲስ ኮድ በ8 ሰርቨሮች ላይ ሊጭን ነበር። አዲሱን ኮድ የሚያበራው ፍላግ ከዓመታት በፊት ለሌላ፣ በኋላ ለተተወ ኮድ ያገለግል የነበረ ነው። ስሙን መልሰው ተጠቀሙበት። በ7ቱ ሰርቨሮች ላይ አዲሱ ኮድ ገባ፤ በአንዱ ላይ ሳይገባ ቀረ። ፍላጉ ሲበራ ያ አንዱ ሰርቨር የሞተውን ኮድ ቀሰቀሰ። በ45 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ማንም ያላዘዘውን ግዢና ሽያጭ አዥጎደጎደ። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ እንዳለው ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለራሴ ሁለት ሕግ ወስጃለሁ። የሴቲንግ ስም ሁለተኛ ሥራ አይሰጠውም። ፍላግ ሲፈጠር የሚነሳበት ቀን ከጎኑ ይጻፋል፤ ቀኑ ሲደርስ ፍላጉም ከጀርባው ያለው አሮጌ ኮድም አብረው ይነሳሉ።

የሱቁ ሴቲንግ ገጽ ላይ አሁን 4 ነገሮች ብቻ አሉ፦ ምንዛሪው፣ የማድረሻ ዋጋው፣ የሱቁ ስልክ ቁጥርና «ዛሬ ዝግ ነን» የሚለው ማስታወቂያ። የሱቁ ባለቤት ሌላ ብዙ እንዲጨመር ጠይቀውኝ ነበር። አንድ በአንድ ቁጭ ብለን «ይህንን ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ቀይረውታል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አብዛኞቹ አንድም ጊዜ አልተቀየሩም።

ከገጹ ሥር ዝርዝር አለ። ማን፣ መቼ፣ ከስንት ወደ ስንት እንደቀየረ ይጽፋል። ከቀድሞው በ20 በመቶ የሚርቅ ቁጥር ሲገባም ገጹ ቆም ብሎ ይጠይቃል። አልከልክልም ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሐምሌ 22 ላይ ምንዛሪው በእውነት በ30 በመቶ ገደማ ዘሎ ነበርና። አንድ ቀን ልጃቸው ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ነጥቡን ረስቶ 125.0 በማለት ፈንታ 1250 አስገባ። ገጹ «ከትናንቱ በ10 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ እርግጠኛ ነህ?» አለው። ልጁ አየና ነጥቧን መለሳት። እኔ ይህን ያወቅኩት ከሳምንት በኋላ፣ ዝርዝሩን ስመለከት ነው። ስልኬ አልጮኸም።